የግራው የፊት መብራት ሽቅብ ይመታል፤ ቤት ውስጥ ማስተካከል ይቻላል?

ማታ ነጂ

ሰላም ለዚህ ቤት። መኪናዬ ከፊት ትንሽ ተገጭታ ፓራውልቱ ሲጠገን የግራው የፊት መብራት ተፈቶ ነበር። ከጋራዥ ከወጣች ወዲህ ማታ በአጭር መብራት እየነዳሁ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅሙን ብልጭ ያደርግብኛል። ረጅም ያበራሁ እየመሰላቸው ነው። ወርጄ ሳየው የግራው ብርሃን ዛፍ ላይ ይወጣል፣ የቀኙ ግን መንገዱ ላይ በሥርዓት ተኝቷል። አምፖሎቹ ከፋብሪካ የመጡት ዓይነት ሃሎጅን፣ ኤች 7 ናቸው። ኮፈኑን ስከፍት ከመብራቱ ጀርባ ሁለት ማስተካከያ ብሎኖች ይታያሉ።

ራሴ ላስተካክለው እችላለሁ? ግድግዳ አለኝ፣ ግቢዬ ግን ሜዳ አይደለም፤ ወደ በሩ ያዘቀዝቃል።

ፈጣን ምላሽ

ይሄ ምን ያስጨንቃል እህቴ። ካቻቪቴ ይዘሽ ግራና ቀኙ እኩል እስኪሆን ማዞር ነው። ማታ ወጥተሽ ሰው ብልጭ ማድረግ ሲተውሽ ተስተካክሏል ማለት ነው።

ሽቦ ፈታሽ

@ፈጣን ምላሽ፣ ስምህን የሚመስል ምክር ሰጠህ። መብራቱ ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር እስኪወድቅ ብታወርደውም እኮ ሰው ብልጭ ማድረጉን ይተዋል፤ ያኔ ግን እሷ ምንም አታይም።

@ማታ ነጂ፣ ብሎኑን ለጊዜው አትንኪው። የፊት መብራት በራሱ ጊዜ ያን ያህል ሽቅብ አይሄድም። ተፈቶ የተመለሰ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አገጣጠሙ ነው። ቀን ላይ ኮፈኑን ክፈቺና የመብራቱን ቤት የያዙት ብሎኖች ሁሉም መኖራቸውን እዪ። ብዙ መኪና ላይ ከላይ ሁለት ብሎን ይኖራል፣ ከታች ወይም ከጎን ደግሞ አንድ ብሎን ወይም የፕላስቲክ ጆሮ። የታችኛው ፓራውልቱ ሳይወርድ እጅ ስለማይደርስበት ተረስቶ የሚቀረው እሱ ነው። በመብራቱና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተትም ከቀኙ ጋር አስተያዪው። አንዱ ጋ ጣት የሚያስገባ፣ ሌላው ጋ ወረቀት የማያስገባ ከሆነ ቤቱ ራሱ ዘሟል።

ከዚያ አምፖሉ። ኤች 7 አንገቱ ላይ ያለችው ጆሮ በትክክል ቦታዋ ካልገባች አምፖሉ ዘንበል ብሎ ይቆማል። የሚነደው ክር ከቦታው በሚሊሜትር ቢዛነፍ ግድግዳ ላይ በብዙ ሴንቲሜትር ነው የሚታየው፤ ድንበሩም (ብርሃኑ ከላይ የሚቆረጥበት መስመር) ይደበዝዛል። መያዣ ሽቦው ጠቅ ብሎ መግባቱን አረጋግጪ። መስታወቱን ግን በባዶ እጅ አትንኪ፣ የጣት ቅባት ሲግል አምፖሉን ቶሎ ይገድለዋል።

ዳሽቦርድሽ ላይ ከ0 እስከ 3 የተጻፈበት ትንሽ መዘውር ካለም 0 ላይ አድርጊው። እሱ 2 ላይ ተቀምጦ ብሎን የሚያዞር ሰው ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰለሽ።

ቱንቢ

እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ሙያዬ ግንባታ ነው፤ ስለዚህ የግቢውን ነገር ለእኔ ተዉልኝ።

"ሜዳ ቦታ ፈልጉ" የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። መሬቱ እንደ ውሃ ልክ መሆን የለበትም። የሚያስፈልገው መኪናዋ የቆመችበትና ግድግዳው ሥር ያለው መሬት አንድ ወጥ መሆኑ ነው። ግቢው በሙሉ እኩል የሚያዘቀዝቅ ከሆነ መኪናዋም አብራ ታዘቀዝቃለች፣ ብርሃኑም አብሮ ያዘቀዝቃል፤ ግድግዳው ላይ ከመሬት ወደ ላይ የምትለኪው ቁጥር ያው ነው። ጉድ የሚያመጣው መኪናዋ ተዳፋት ላይ ቆማ ግድግዳው ሥር ለጥ ያለ ሲሆን ወይም መሐል ላይ ጉብታ ሲኖር ነው።

እንዴት ታውቂያለሽ? ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ብሎኬቶች ውሰጂ። አንዱን ከኋላ ጎማ አጠገብ፣ ሌላውን ከፊት ጎማ አጠገብ ጎማው የረገጠበት ከፍታ ላይ አስቀምጪ። ሲባጎውን በሁለቱ አናት ላይ ወጥረሽ እስከ ግድግዳው ሳቢው። ሲባጎው ግድግዳውን ከነካበት የብሎኬቱን ቁመት ወደ ታች ለክተሽ ምልክት አድርጊ። የመኪናሽ መሬት ግድግዳው ላይ የሚያርፈው እዚያ ነው። እውነተኛው መሬት ከዚያ 3 ሴንቲሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ቢል አያሳስብሽም፤ ልክሽን ሁሉ ከምልክቱ ጀምረሽ ውሰጂ። ለግራም ለቀኝም ለየብቻ አድርጊው፣ መሬቱ ወደ ጎን ካዘመመም እሱንም ይይዝልሻል። ሲባጎው ሲረዝም ስለሚረግብ ጠበቅ አድርገሽ ወጥሪው።

ማታ ነጂ

ጋሼ ቱንቢ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ "ሜዳ ላይ አቁሙ" ብለው ያልፉታል። ከምልክቱ በኋላስ?

ቱንቢ

መኪናዋን አዘጋጂያት። የጎማው ንፋስ ልክ ይሁን፣ ከኋላ ዕቃ ካለ ይውረድ፣ ስኮርታው ግን ቦታው ላይ ይቆይ። ነዳጁ ባዶ አይሁን። ሾፌሩ ቦታ ላይ ሰው ይቀመጥ፣ ካልተገኘ የሚመዝን ነገር ጫኚበት፤ 75 ኪሎ አካባቢ ነው የሚታሰበው። ከዚያ መኪናዋን ከፊትም ከኋላም ጫን ለቀቅ አድርገሽ ሞላዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ አድርጊ።

አፍንጫዋ ግድግዳውን ሊነካ እስኪደርስ አስጠጊያትና የሁለቱን መብራቶች መሐል ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጊ። ብዙ መብራት መስታወቱ ላይ ትንሽ ነጥብ ወይም መስቀል አለችው፣ መሐሉ እሷ ናት። በየምልክቱ ቁም መስመር አስምሪ። ከዚያ መሪውን ሳትጠመዝዢ ቀጥ ብለሽ ወደ ኋላ፣ ከመብራቱ መስታወት እስከ ግድግዳው 5 ሜትር። ቀጥ ብለሽ መመለስሽን ከተጠራጠርሽ የኋላ መስታወቱ መሐልና የፊት መስታወቱ መሐል ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ ከመኪናዋ ኋላ ቆመሽ አነጣጥሪ፤ ሁለቱ ፕላስተሮች የሚያመለክቱት ቦታ የሁለቱ ቁም መስመሮች እኩሌታ ላይ መውደቅ አለበት።

አሁን የመብራቱን መሐል ከፍታ ከመሬት ለኪና ያንኑ ከፍታ ግድግዳው ላይ ከምልክቱ ተነስተሽ በአግድም አስምሪ። ከእሱ በታች ሌላ አግድም መስመር ይመጣል፤ የብርሃኑ ድንበር መተኛት ያለበት እሱ ላይ ነው። ስንት ሴንቲሜትር በታች እንደሆነ ሽቦ ፈታሽ ይንገርሽ።

ሽቦ ፈታሽ

ጋሼ ጨርሰውት እኔ ቁጥሯን ብቻ ልጨምር።

የመብራቱ ቤት ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ምልክት ላይ የመብራት ስዕልና አጠገቡ 1.0% ወይም 1.2% ወይም 1.3% የሚል ቁጥር ፈልጊ። ብርሃኑ በየሜትሩ ስንት እንደሚወርድ የሚናገር ነው። 1 በመቶ ማለት በ10 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር፣ በ5 ሜትር ላይ 5 ሴንቲሜትር መውረድ ነው። 1.2 ከሆነ በ5 ሜትር 6 ሴንቲሜትር። በአውሮፓው ደንብ መብራታቸው ከመሬት ከ80 ሴንቲሜትር በታች ለሆነ መኪናዎች ፋብሪካው የሚሰጠው ቁጥር ከ1.0 እስከ 1.5 ባለው ውስጥ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ በዚያ መሐል መሆን አያሳስትም።

ሲመሽ አጭሩን አብሪ። በአውሮፓ ደንብ የተሠራ ከሆነ (መስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ "ኢ" የሚለው የላቲን ፊደልና ቁጥር አለ) ብርሃኑ ከላይ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ታዪዋለሽ። በቀኝ በሚነዳበት አገር ከግራ በኩል አግድም ይመጣና መሐል ላይ ታጥፎ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል። አግድሙ ክፍል ታችኛው መስመር ላይ ይተኛ፤ እጥፋቱ የራሱ መብራት ቁም መስመር ላይ ይዋል። ወደ ቀኝ የሚወጣውን አይተሽ "ይሄኛው ከፍ ብሏል" ብለሽ እንዳታወርጂው፤ የእግረኛውን መንገድና ምልክቶቹን እንዲያሳይሽ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

አንዱን ስትለኪ ሌላውን በካርቶን ከልዪው፣ ካርቶኑ ግን መስታወቱን አይንካ። ብርድ ልብስ ጣል የሚያደርጉ አሉ፤ የዛሬ መብራት ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀቱ ያበላሸዋል።

ባለ ፒካፑ

ለምን 5 ሜትር? ቪዲዮዎቹ 25 ጫማ ነው የሚሉት።

ሽቦ ፈታሽ

25 ጫማ፣ ማለትም 7.6 ሜትር፣ የአሜሪካኖቹ ነው። የእነሱ መብራት ድንበሩም የተለየ ስለሆነ ቁጥሩን ብቻ ወስዶ ለአውሮፓው መብራት መጠቀም ስህተት ላይ ይጥላል። የአሜሪካው መስታወት ላይ "ቪኦአር" ወይም "ቪኦኤል" የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች ታገኛለህ። ቪኦአር ከሆነ የምታየው የቀኙን ድንበር ነው፣ እሱም ከመብራቱ መሐል ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይውላል፤ ምንም አይወርድም። ቪኦኤል ከሆነ የግራውን ድንበር ታያለህ፣ በ7.6 ሜትር 5 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል።

ርቀቱ ራሱ ችግር የለውም። በ10 ሜትር ብትለካ ስህተትህ በግማሽ ያንሳል፣ ድንበሩ ግን እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ግቢም አይበቃም። ጋራዥ ውስጥ መብራቱ ፊት የሚያቆሙት ሳጥን ውስጡ ሌንስ ያለው የ10 ሜትሩን ግድግዳ አሳጥሮ ለማምጣት ነው።

ባለ ፒካፑ

እሺ ገባኝ። ግን እኔ ስነግራችሁ የፋብሪካው ቁጥር ለከተማ ነው። ገጠር መንገድ ላይ ማታ ስነዳ ቅርብ ብቻ አይቼ እንስሳ መሐል ልገባ ነው? የእኔን ቀጥ አድርጌ ነው ያሰርኩት፣ ምንም አይወርድም። እስካሁን ሰላም ነው።

ቱንቢ

ወንድሜ፣ ለአንተ ሰላም ነው፤ ከፊት የሚመጣውን ጠይቀሃል?

እስኪ አብረን እናስላ። ፒካፕ ስለሆነ መብራቱ ከመሬት 95 ሴንቲሜትር ነው እንበል። በ1.5 በመቶ ብታወርደው ድንበሩ መሬት የሚነካው 63 ሜትር ላይ ነው። በ80 የሚሄድ ሰው ለመደንገጥ አንድ ሰከንድ ወስዶ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ በደንብ ፍሬን ይዞ የሚቆመው ከ55 እስከ 60 ሜትር ባለው ነው። ስለዚህ ወርዶም ይበቃሃል። የአንተ መብራት ከቤት መኪናው ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ዝቅ ብሎም ሩቅ ይደርሳል። ከዚያ በላይ የምትሮጥ ከሆነ በባዶ መንገድ ረጅሙ አለልህ፤ የተሠራው ለዚያ ነው።

ጭነቱን ደግሞ አልቆጠርከውም። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 3 ሜትር ያላት መኪና ከኋላ 6 ሴንቲሜትር ብትቀመጥ አፍንጫዋ 2 በመቶ ወደ ላይ ይነሳል። ቀጥ ብሎ የታሰረ መብራት ያኔ 50 ሜትር ላይ ወደ 2 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ የመጪውን ሾፌር ዓይን አልፎ ጣሪያውን ነው የሚያበራው። ፒካፕ ዕቃ ለመጫን የተገዛ መሰለኝ?

ባለ ፒካፑ

ሃሃሃ ጋሼ፣ በቁጥር አሰሩኝ። ጭነቱ እውነት ነው፣ ከኋላ ተጨማሪ ባሌስትራ ያስገባሁትም ለእሱ ነበር። ባዶዋን ስትሆን ኋላዋ ከፍ ስለሚል መብራቱን ያነሳሁት ለዚያ ይመስለኛል እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። መዘውር የለባትም። ባዶ ልለካ ወይስ ተጭና?

ሽቦ ፈታሽ

ማስተካከያ መዘውር ከሌለህና አብዛኛውን ጊዜ የምትነዳው ተጭና ከሆነ ብዙ በምትጭነው መጠን ጭነህ ለካ። ባዶ ስትሆን ትንሽ ቅርብ ታያለህ፣ ይሄ ሌላ ሰው አይጎዳም። ተገላቢጦሹ ነው የሚጎዳው።

ነጭ ብርሃን

ሰላም ጓዶች። የእኔም እንደዚሁ ሰው ብልጭ ያደርግብኛል፣ ግን ሁለቱም ናቸው። ኤች 4 ሃሎጅኑን አውጥቼ ኤልኢዲ ካስገባሁ ወዲህ ነው። ግድግዳ ላይ ሳየው ድንበር የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉም ቦታ ብርሃን ነው። ብሎኑን ባወርደው ይስተካከላል?

ሽቦ ፈታሽ

አይስተካከልም። ሪፍሌክተሩ (ከአምፖሉ ኋላ ሆኖ ብርሃኑን ወደ ፊት የሚመልሰው) የተሠራው ብርሃኑ ከአንድ ከታወቀ ቦታ ከአንድ ቀጭን ክር ይወጣል ተብሎ ነው። ኤች 4 ውስጥ ሁለት ክር አለ፤ በአጭሩ ክር ሥር እንደ ማንኪያ ያለች ብረት ተቀምጣ ወደ ታች የሚሄደውን ጨረር ትከልላለች። ከላይ ያለው ድንበር የሚፈጠረው በእሷ ነው። ኤልኢዲው ያቺን ቦታና መጠን ካልመሰለ ብርሃኑ ይረጫል፤ የተረጨውን ብታወርደው የተረጨ ብርሃን ወረደ እንጂ ድንበር አልተፈጠረም።

አንድ የምትሞክረው ነገር አለ። አንገቱ የሚዞር ከሆነ ብርሃን የሚሰጡት ሁለቱ ቺፖች ግራና ቀኝ እንዲያዩ አድርግ፤ ላይና ታች ካዩ ጭራሽ አይሆንም። ያ ካልረዳ ሃሎጅኑን መልስ። ነጭ ስለሆነ ደመቅ ያለ ይመስላል፣ መንገዱ ላይ ግን አፍንጫህ ሥር ብቻ አድምቆ ሩቁን ያጨልምብሃል፤ ዓይንህ ከቅርቡ ድምቀት ጋር ይላመድና ሩቅ ማየት ያቅተዋል።

ሃሎጅኑ ደክሞ ስለነበር ነው የቀየርኩት የምትል ከሆነ ደግሞ መስታወቱ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ እይ። ፕላስቲኩ በፀሐይ ይበላል። በውሃ እየነከሩ ከ800 እስከ 2000 ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት ደረጃ በደረጃ ተሽቶ፣ ተወልውሎ፣ የፀሐይ መከላከያ ሲቀባ ትገረማለህ። መከላከያው ካልተቀባ ቶሎ ይመለስበታል። አምፖሉ ሶኬት ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅም ይለካ፤ ኔጋቲቩ ሽቦ ዝጎ ብርሃኑ የሚሞት ብዙ ነው።

ማታ ነጂ

ተመልሻለሁ። ሲባጎው ሠራ፤ ግቢዬ ግድግዳው ሥር 2 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ከጋሼ ምልክት ጀምሬ ለካሁ።

የመብራቴ መሐል 66 ሴንቲሜትር ነው። ኮፈኑ ሥር 1.2% የሚል አገኘሁ። በ5 ሜትር ድንበሩ 60 ላይ መሆን አለበት ማለት ነው። የቀኙ 60 ላይ ቁጭ ብሏል! የግራው ግን 70 ላይ ነው፣ እጥፋቱም ከቁም መስመሩ ወደ ግራ ወጥቷል።

ሽቦ ፈታሽ ያልከውም ልክ ነበር፣ ክፍተቱ ከላይ ሰፊ ነው። በስልኬ መብራት ከሥር ሳየው የታችኛው ብሎን ቦታው ላይ የለም፤ ጆሮዋ ግን አልተሰበረችም። ብሎኑ እስኪገባ የማስተካከያውን ብሎን አዙሬ ላስተካክለው ወይስ ልጠብቅ?

ሽቦ ፈታሽ

ጠብቂ። ቤቱ ሳይታሰር ብታስተካክዪው ኮሮኮንች ላይ ተናውጦ ይመለሳል፤ ብሎኑ ሲገባ ደግሞ ያስተካከልሽው ሁሉ ወደ ሌላኛው ጎን ይስታል። ጋራዡ የረሳውን እሱ ያስገባልሽ፣ የእነሱ ሥራ ነው።

70 ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። ከመብራቱ መሐል 4 ሴንቲሜትር በላይ ነው፣ በ5 ሜትር 0.8 በመቶ ሽቅብ። 50 ሜትር ላይ ከመሬት 106 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ የቤት መኪና ሾፌር ዓይን አካባቢ ማለት ነው። ብልጭ ያደረጉብሽ እውነታቸውን ነው።

ቱንቢ

የቀኙ ሳይነካ 60 ላይ መገኘቱ ጥሩ ዜና ነው፤ ልክሽ ትክክል እንደሆነ መስክሮልሻል። ሁለቱም ቢስቱ ኖሮ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሲባጎውን ነበር።

ጥያቄ አያልቅብኝ

ወሬውን ሳላስቀይስ አንድ ነገር ልጠይቅ። የእኔ ዜኖን ነው፣ መዘውር የለውም፣ ራሱ ያስተካክላል ይባላል። አሁን ሁለቱም እግሬ ሥር ወደቁ፤ ዳሽቦርዱ ላይም የመብራት ምልክት በራ። በብሎን ላንሳቸው?

ሽቦ ፈታሽ

እንዳትነካቸው። ያ ራሱን የሚያስተካክለው ሥርዓት ከኋላ (አንዳንዱ ከፊትም) የጎማ መያዣው ላይ የመኪናውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር አለው፤ በቀጭን ዘንግ ነው የሚያያዘው። ዘንጉ ሲሰበር ወይም ሴንሰሩ ሲሞት ኮምፒውተሩ ሰው እንዳያሳውር ብሎ መብራቱን ወደ ታች ይጥለዋል። አንተ በብሎን ብታነሳው ሴንሰሩ የተቀየረ ቀን ሰማይ ያበራልሃል። ጎማው ሥር ጎንበስ ብለህ ዘንጉን እይ። ሴንሰር ከተቀየረ በኋላ በመመርመሪያ ማሽን ዜሮው መመዝገብ አለበት፤ ግድግዳው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የዜኖንን ሶኬት ደግሞ መብራቱ በርቶ ሳለ እንዳትነቅል። ሲለኮስ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ የሚተኩስ ነገር ነው።

አዲስ መንጃ

እኔም ልጠይቅ። መኪናዬ በግራ ከሚነዱበት አገር የመጣች ናት፤ እዚህ የምንነዳው በቀኝ ነው። ድንበሩ ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ ነው ሽቅብ የሚወጣው። በጎን ብሎኑ ወደ ቀኝ ብገፋውስ?

ሽቦ ፈታሽ

ሙሉውን ብርሃን ወደ ዳር ትገፋዋለህ እንጂ እጥፋቱ አይገለበጥም፤ ቅርጹ ሌንሱ ወይም ሪፍሌክተሩ ውስጥ የተሠራ ነው። ፊት ለፊት ቆመህ መስታወቱን ስታይ ወደ ቀኝህ የሚያመለክት ቀስት ካለበት በግራ ለሚነዳበት አገር ብቻ የተሠራ ነው። ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ከሆነ ለሁለቱም ይሆናል፣ ውስጡ የሚገለብጥ ማንሻ ሊኖረው ስለሚችል የመኪናውን መጽሐፍ ተመልከት። ቀስት ከሌለው ለቀኝ ነው። ያንተ ወደ ቀኝህ የሚያመለክተው ቀስት ያለበት ከሆነ መፍትሔው መብራቱን በቀኝ ለሚነዳበት አገር በተሠራ መቀየር ነው። እስኪቀየር ድረስ ሽቅብ የሚወጣው ክፍል መጪውን እንዳይመታ ዝቅ አድርገህ እሰረው፤ ይሄ ግን ለጊዜው ነው፣ ማታ የምታየው ይቀንሳል።

ማታ ነጂ

ብሎኑ ገባ፣ ክፍተቱም ከቀኙ ጋር እኩል ሆነ። ግድግዳው ላይ ድንበሩ ከ70 ወደ 63 ወረደ፣ ምንም ሳልነካው። ስለዚህ የቀረኝ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። አሁን ግን ከሁለቱ ብሎኖች የትኛው ላይ ታች፣ የትኛው ግራ ቀኝ እንደሆነ አላወቅኩም። አንዱን በጣም ትንሽ ዞር ባደርገው እጥፋቱም አብሮ ይሄዳል።

ሽቦ ፈታሽ

የተለመደ ነው። መብራቱ ውስጡ በሦስት ነጥብ ነው የቆመው፤ አንዱ ኳስ ሆኖ የማይንቀሳቀስ፣ ሁለቱ በብሎን የሚገፉ። ማስተካከያው ከኳሱ በሰያፍ ከተቀመጠ ሁለቱንም ያንቀሳቅሳል። ዘዴው ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ከፍታውን አስተካክዪ፣ ከዚያ ጎኑን፣ ከዚያ ተመልሰሽ ከፍታውን እዪ። እየተጠጋ ይመጣል። ምን ያህል እንዳዞርሽ ለማወቅ ብሎኑ ራስ ላይ በማርከር ጭረት አድርጊበት፤ ከጠፋብሽ ወደ ነበረበት ትመልሺዋለሽ።

አንዳንዱ ላይ የብሎኑ ራስ ጥርስ ያለው ማርሽ ነው፤ መስቀል ካቻቪቴ በአጠገቡ ባለው ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ገብቶ ጥርሱን ነው የሚያዞረው። ጠንከር ካለሽ አታስገድጂው፤ ፕላስቲክ ነው፣ ከተሰበረ ሙሉ መብራት ነው የሚቀየረው። የመጨረሻዋ እንቅስቃሴ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ላይ የሚያመጣ ይሁን። አልፈሽ ከወረድሽ በኋላ ቀስ ብለሽ ወደ መስመሩ አንሺው፣ ብሎኑ ላይ ያለው ልቅነት እንዲያልቅ።

ማታ ነጂ

60 ላይ ተኛ፣ እጥፋቱም መስመሩ ላይ ነው። ረጅሙንስ? ለብቻው አምፖል አለው፣ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ነው። እና መዘውሩን መቼ ነው የማዞረው? ሁልጊዜ 0 ላይ ነበር።

ሽቦ ፈታሽ

በአንድ ቤት ውስጥ ከሆነና የራሱ ብሎን ከሌለው አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ አጭሩ ከተስተካከለ እሱም ቦታው ነው። ለማረጋገጥ አብሪውና የደመቀው መሐሉ በቁም መስመሩ ላይ፣ ከላይኛው አግድም መስመር አካባቢ መሆኑን እዪ።

መዘውሩ፦ አንቺ ብቻሽን ወይም ጋቢናው ላይ ሁለት ሰው ካለ 0። መቀመጫው ሁሉ ከሞላ 1። ሰውም ዕቃም ሞልቶ ከሆነ 2። አንቺ ብቻሽን ሆነሽ ከኋላ ሙሉ ዕቃ ከጫንሽ 3፤ ክብደቱ በሙሉ ኋላ ላይ ስለሆነ አፍንጫው በጣም የሚነሳው ያኔ ነው። መኪና ከመኪና ይለያል፣ መጽሐፉን እይው። መዘውሩ መሥራቱን ለማወቅ አሁኑኑ ግድግዳው ላይ እያበራሽ ከ0 ወደ 3 አዙሪው፤ ሁለቱም እኩል መውረድ አለባቸው። አንዱ ከቀረ የዚያኛው መብራት ትንሿ ሞተር ሞታለች ወይም ሶኬቷ ተመልሶ አልተሰካም።

ማታ ነጂ

የግራው አልወረደም።

ሽቦ ፈታሽ

ሶኬቷን እያት። ከመብራቱ ጀርባ ከአምፖሉ ሶኬት ለብቻዋ የምትገባ ቀጭን ባለ ሦስት ሽቦ ናት።